ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ የከለከለውስ ማን ነው?

በአገራችን ባቡር ጣቢያ ላይ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል ወይስ ይከለከላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከሕግ መጽሐፍ ወይም ከግድግዳ ማስታወቂያ ሳይሆን፣ በዕለቱ ተረኛ ሆኖ በሩ ላይ ከቆመው ጥበቃ አፍ ነው። አንዱ «አንሳ፣ ግን ቶሎ በል» ይላል፤ ሌላው በዚያው ቦታ በማግስቱ «ማን ፈቀደልህ?» ብሎ እጁን ወደ ስልክህ ይዘረጋል። እኔ በደብረ ብርሃን የምኖር፣ ፎቶ ማንሳት እንጀራዬ ሳይሆን የቆየ ፍቅሬ የሆነ ሰው ነኝ። ክልከላን ሁሉ በጅምላ አልቃወምም፤ የምቃወመው ያልተጻፈውን ክልከላ ነው፤ ምክንያቱም ያልተጻፈ ክልከላ ወሰን የለውም፤ ወሰን የሌለው ነገር ደግሞ ከልካዩንም ተከልካዩንም ያስቸግራል።

ጉዳዩ ለሰሜን ሸዋ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አቅራቢያ እስካለችው ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የባቡር መስመር በሸዋሮቢት አካባቢ ቆላውን አቋርጦ ያልፋል። እኛ ደገኞቹ ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርደን ማሽላና ማሾ ወደሚዘራበት ሜዳ ስንደርስ ቀድሞ የምናወራው ስለ ሙቀቱና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነበር፤ አሁን «ባቡሩ መቼ ይጀምራል?» የሚለው ተጨምሯል። መንገደኛ ጭኖ በመደበኛነት የሚመላለስ ባቡር ገና አላየንበትም። ባቡሩ ሥራ በጀመረ ቀን ግን ጣቢያው የሠርግ፣ የምረቃና የስንብት ፎቶ የሚነሳበት ቦታ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ምኒልክ መስኮት ላይ ቆሞ ገደሉን ከጀርባው አድርጎ ያልተነሳ ሙሽራ በዞናችን ስንት ነው? እንግዲህ ደንቡ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ መነሳት ያለበት ባቡሩ ሳይመጣ፣ ጥበቃና ሙሽራ ሳይጋጩ በፊት ነው።

ክልከላው ሥር የሰደደ ልማድ አለው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ የአባይን ድልድይ የተሻገረ መንገደኛ ሁሉ እዚያ ካሜራ ማውጣት እንደማይፈቀድ ያውቃል፤ ባያውቅም ረዳቱ ቀድሞ ያስጠነቅቀዋል። ድልድይ፣ ቤተ መንግሥት፣ የጦር ሰፈርና አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ገመድ ታስረው «የማይነሱ ነገሮች» ሆነው ከኖሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ድልድይ በጦርነት ጊዜ የመጀመሪያው ዒላማ ስለሆነ ጥንቃቄው መነሻ አለው። የባቡር ጣቢያው ግን ወደዚህ ዝርዝር የገባው ማንም ቆም ብሎ ሳያስብበት ይመስለኛል። የጦር ሰፈር ሰው እንዳይገባበት የሚታጠር ነው፤ ጣቢያ ደግሞ ሰው እንዲገባበት የሚሠራ ነው። ትኬት ቆርጦ፣ ሻንጣውን አስፈትሾ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባቡሩን ለሰዓት ሲጠብቅ ጣቢያውን የሚያይ መንገደኛ፣ ያንኑ ያየውን ነገር በስልኩ ሲያነሳ በድንገት ተጠርጣሪ የሚሆንበት አመክንዮ ለእኔ ግልጽ አይደለም።

ታሪካችንም ቢሆን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ከጂቡቲ የተነሳው የመጀመሪያው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ 784 ኪሎ ሜትር የሆነው ያ መስመር መንግሥት ራሱን ለዓለም የሚያሳይበት መድረክ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የመጡት የውጭ መንግሥታት እንግዶች፣ የእንግሊዙን የግሎስተር መስፍን ጨምሮ፣ ከባቡር ወርደው አቀባበል የተደረገላቸው ካሜራ ተደግኖ ነው። ዛሬ ስለ አሮጌው መስመር፣ ስለ ጣቢያዎቹ፣ ስለ ሠራተኞቹ አለባበስና ስለ ተሳፋሪው ሁኔታ ብዙ የምናውቀው አንድ ሰው በዚያን ጊዜ ካሜራውን ስላነሳና ማንም ስላልነጠቀው ነው። በእኛ ዘመንም ይኸው ተደግሟል፤ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ 752 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የአዲስ አበባ ጂቡቲ መስመርም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ፉርጎውም ሐዲዱም ጣቢያውም በየቴሌቪዥኑና በየስልኩ ታይቷል። በምርቃቱ ዕለት ለዓለም የታየ ሕንፃ ከዚያ ወዲያ በምን ምክንያት ምስጢር ይሆናል?

ይህን ስል ሁሉም ምክንያት ሰበብ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዱ የሞት ሽረት ነው። የአዲስ አበባ ጂቡቲ ባቡር ኃይል የሚያገኘው ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋ 25,000 ቮልት ከሚሸከም ሽቦ ነው። በዚህ መጠን ያለ ኤሌክትሪክ ሰው እስኪነካው አይጠብቅም፤ በቂ ቅርበት ካገኘ አየሩን ዘልሎ ይይዛል። ስለዚህ ረዘም ያለ የብረት ዘንግ ላይ ስልክ ሰክቶ ወደ ላይ የሚያነሳን ወጣት ጥበቃው ሮጦ ቢያስቆመው፣ ቢጮህበትም እንኳ፣ ነፍሱን አተረፈለት እንጂ አልበደለውም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2015 የባቡር ድርጅቶች የሰልፊ ዘንግን ከጣቢያ መሳፈሪያዎች ያገዱት ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ነው። ወደ ጣቢያ በሚገባ ባቡር ሹፌር ዓይን ላይ ፍላሽ ማብራትም እንዲሁ አደጋ አለው፤ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያም ሰው በሚጋፋበት ቦታ እግር ያደናቅፋል። የባቡሮች መቆጣጠሪያ ክፍልን፣ የጥበቃ ካሜራዎች የተተከሉበትን ቦታና የመሳሰለውን በቅርብ ማንሳት ቢከለከልም የሚከራከር አይኖርም። እነዚህ ሁሉ ግን አንድ የሚጋሩት ጠባይ አላቸው፤ ምክንያታቸው ሊነገር፣ ወሰናቸውም ሊጻፍ ይችላል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ የትኛው እንደሆነ መግለጽ በማያስፈልገኝ አንድ ጣቢያ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የሕንፃውን ፊት ለፊት በስልኬ አነሳሁ። ጥበቃው ወጣት ነበር፤ ክላሹን ወደ ጀርባው አዙሮ ፈጠን ባለ እርምጃ መጣና «ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚያነሱት?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የከለከለኝ «እርስዎ» እያለ ነው። ሕንፃውን እንደሆነ ስነግረው «ሕንፃውን ማንሳት አይቻልም» አለ። የት እንደተጻፈ ጠየቅሁት። ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ፤ እኔም አየሁ፤ ሁለታችንም ያገኘነው «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ብቻ ነው። «ትእዛዝ ነው ጋሼ፤ ያጥፉት» አለኝ፤ እኔ ስዘገይበት ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ጋለሪውን ራሱ ከፈተ። አውራ ጣቱ ፈጥኖ ስለሄደ የጣቢያውን ፎቶ አልፎ ወደ ኋላ ተሻገረ፤ የእኅቴ ልጅ ክርስትና፣ የባንክ ደረሰኝ፣ ሐኪም የጻፈልኝ የመድኃኒት ወረቀት፣ የጎረቤታችን የለቅሶ ድንኳን አንድ በአንድ በፊቱ አለፉ። ማፈሩ በፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «ይቅርታ ጋሼ» አለና ተመልሶ የጣቢያውን ፎቶዎች አጠፋ። የጠፋ ፎቶ ለአንድ ወር ያህል የሚቀመጥበት ቅርጫት በስልኩ ውስጥ መኖሩን አላወቀም፤ እኔም አልነገርሁትም።

ከክልከላው ይልቅ የከበደኝ ማጥፋቱ ነው። ፎቶው የወንጀል ሥራ ከሆነ ማስረጃ ነው፤ ማስረጃውን እዚያው የሚያጠፋ ጥበቃ ለመርማሪው ምንም አያስተርፍለትም። ወንጀል ካልሆነ ደግሞ የሚጠፋበት ምክንያት የለም። ያ ወጣት እውነተኛ ሰላይ ቢያጋጥመው ኖሮ፣ ያደረገው ነገር ሰላዩን ከእነስልኩ በሰላም መሸኘት ነበር። የለንደን ፖሊስ ለአባላቱ ባወጣው መመሪያ ፖሊሶች ፎቶ የማጥፋት ሥልጣን እንደሌላቸው በግልጽ ማስፈሩ ለፎቶ አንሺዎች ከማዘን ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ምርመራን ከገዛ ራሱ ባልደረቦች የመጠበቅ ሐሳብም አለው።

ወደ እኛው ሕግ ስንመጣ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃን የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ይሰጣል፤ ይህም ሊገደብ የሚችለው በሕግ ነው። አንቀጽ 26 ደግሞ የሰው አካልና ንብረት ከመፈተሽ፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነትም ከመደፈር እንዲጠበቅ ደንግጎ፣ የመንግሥት ባለሥልጣናት ይህን እንዲያከብሩና እንዲያስከብሩ ግዴታ ይጥላል። ገደብ ማድረግ የሚቻለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ እንደ ብሔራዊ ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላምና ወንጀል መከላከል ያሉ ዓላማዎችን ይዞ በወጣ ዝርዝር ሕግ መሠረት ነው። «ትእዛዝ ነው» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ አያሟላም። ትእዛዙ ማን የሰጠው፣ መቼ የሰጠው፣ ምን ምን የሚያካትት እንደሆነ የማይታወቅ ከሆነ፣ የሚያስፈጽመው ልጅ ራሱ ሕግ አውጪም ፖሊስም ዳኛም ሆኖ ከዋለ በኋላ ወር ሲሞላ የሚቀበለው የጥበቃ ደመወዝ ነው። ይህ ለእሱም ግፍ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር አልፎበታል፤ ያለፈውም በቀላሉ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2000 የፀረ ሽብር ሕግ ክፍል 44 ፖሊስ በተወሰኑ አካባቢዎች ያለ ምንም ጥርጣሬ ሰው አስቁሞ እንዲፈትሽ ይፈቅድ ስለነበር፣ በጣቢያ የሚያነሱ ፎቶ አንሺዎችና ባቡር መመልከት የሚወዱ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ የችግሩ ቀማሾች ሆነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009/10 በዚህ ሥልጣን ከ100,000 በላይ ፍተሻ ሲካሄድ በሽብር ወንጀል የተያዘ አንድም ሰው አልተገኘም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2010 መጀመሪያ ሥልጣኑ የግል ሕይወት መብትን እንደሚጥስ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ አጠቃቀሙን አገዱ፤ በ2012 ደግሞ በጠበበ ሕግ ተተካ። ዛሬ በዚያ አገር ትልልቅ ጣቢያዎች ለራስህ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድልሃል፤ የሚጠየቀው ፍላሽ እንዳትጠቀም፣ መንገድ እንዳትዘጋና የደኅንነት መሣሪያዎችን እንዳታነሳ ነው። ይህ ደንብ በሁለት ደቂቃ የሚነበብ፣ ጥበቃውም ተሳፋሪውም አንድ ዓይነት አድርገው የሚረዱት ነው።

የእኛን ሁኔታ ይበልጥ የሚመስለው ግን የታሽከንቱ ነው። የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1977 ሲከፈት ጣቢያዎቹ ከኑክሌር ጥቃት መጠለያ እንዲሆኑ ጭምር የተሠሩ በመሆናቸው ፎቶ ማንሳት ተከልክሎ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ፣ ስጋቱ የነበረበት ዘመን አልፎ፣ ክልከላው ግን እስከ 2018 ቆየ፤ በዚያ ዓመት ሲነሳ ያጌጡት ጣቢያዎች ከከተማዋ ዋና የቱሪስት መስህቦች አንዱ ሆኑ። ክልከላ፣ የወለደው ምክንያት ከሞተ በኋላ ወራሽ ሳይኖረው ለዐሥርታት ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በኒው ዮርክም እ.ኤ.አ. በ2004 በምድር ውስጥ ባቡር ፎቶ ማንሳትን ሙሉ በሙሉ ለመከልከል ረቂቅ ቀርቦ፣ ሕዝብ ከተቃወመው በኋላ በማግስቱ ዓመት ተትቷል። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካው የባቡር ድርጅት አምትራክ «ባቡራችንን አንሱልን» ብሎ ላዘጋጀው የፎቶ ውድድር ሥራውን ለማቅረብ ባቡር ያነሳ የነበረን ሰው የድርጅቱ የራሱ ፖሊስ አሰረው። የማስታወቂያ ክፍሉ ጋብዞ የጥበቃ ክፍሉ ያስራል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉት ሁለት ክፍሎች አይነጋገሩም ማለት ነው። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ የእኛው የምርቃት ቀን ካሜራዎች ትዝ አሉኝ።

አንባቢዎቼ «በዞናችን ባለፉት ዓመታት የደረሰውን ረስተኸው ነው?» እንደሚሉኝ እገምታለሁ። አልረሳሁም። ሰው ከሸዋሮቢትና ከአጣዬ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን ሲገባ ካዩት አንዱ ነኝ፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የመሠረተ ልማት ጥበቃ እጁ ቢጠብቅ አይገርመኝም። ነገር ግን ስጋት ሲጨምር ደንቡ የበለጠ መጥራት አለበት እንጂ የበለጠ መደፍረስ የለበትም። ስጋት ባለበት ቦታ ያልተጻፈ ክልከላ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛው ጥበቃው ሙሽራ ሲያባርር ትኩረቱ ከእውነተኛው አደጋ መነሳቱ ነው። ሁለተኛው የሚያሳፍር ነው፤ ወሰኑ የማይታወቅ ክልከላ ዋጋ ይወጣለታል። የፎቶ ቤት ሥራ ያለው ወዳጄ ሙሽሮችን ይዞ በየቦታው ሲዞር «አይቻልም» የተባለበት ቦታ «ለሻይ» ሲባል የተቻለበት ጊዜ እንዳለ አጫውቶኛል። እውነት ለደኅንነት ሲባል የተከለከለ ነገር በሻይ ዋጋ አይፈታም፤ በሻይ ዋጋ ከተፈታ ደግሞ መጀመሪያውኑ ስለ ደኅንነት አልነበረም።

እኔ ብጠየቅ የምፈልገው ትልቅ አዋጅ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጣቢያ መግቢያ ላይ፣ «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» ከሚለው ጎን፣ አንድ ሰሌዳ ይበቃል። ለግል ጥቅም በስልክ ማንሳት የሚቻልባቸውን ቦታዎች፣ የማይነሱትን ነገሮች በስም፣ ፍላሽ፣ ዘንግና ድሮን የተከለከሉ መሆናቸውን፣ ለሠርግና ለማስታወቂያ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠውን ክፍልና የስልክ ቁጥሩን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ደንብ ያወጣውን መሥሪያ ቤትና ያወጣበትን ቀን ይያዝ። ለጥበቃውም ያው ጽሑፍ በአንድ ገጽ ታትሞ ይሰጠው፤ ከገጹ ግርጌ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨመርለት፦ ስልክ አትንጠቅ፣ ፎቶ አታጥፋ፤ የተጠራጠርኸውን ሰው አቆይተህ ለፖሊስ አስታውቅ። ያ «ይቅርታ ጋሼ» ያለኝ ልጅ ይህን ወረቀት ቢያገኝ ከእኔ ይልቅ የሚገላገለው እሱ ነበር።

ሕንፃው ቢፈቀድም ሰው ሌላ ጉዳይ መሆኑን ለፎቶ አንሺ ወዳጆቼ ላስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ቁጥር 28 ደግሞ ሰውየው ታዋቂ ወይም የመንግሥት ሥራ ያለው ሲሆን፣ ወይም ፎቶው የሕዝብን ጥቅም ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ጉዳይ ጋር ሲያያዝ ለይቶ ይፈቅዳል። መሳፈሪያው ላይ ልጇን የምታጠባን እናት አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ የጣቢያ ደንብ ኖረም አልኖረም በዚህ ሕግ ያስጠይቃል።

ሰሌዳው እስኪሰቀል ድረስ በመንገዳችሁ ጥበቃ ቢያስቆማችሁ አትሩጡ፣ አትጩሁም። በጣቢያው ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ «አቁም» ሲሏችሁ አቁሙ፤ ክርክሩ ነገም ይደርሳል። ደንቡን ያወጣው ማን እንደሆነና የቅርብ አለቃው ማን እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ፤ መልሱን በፊቱ ማስታወሻ ላይ ጻፉት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ነገሩን ያበርደዋል። ስልክ ክፈቱ ከተባላችሁ ፖሊስ ባለበት እንዲሆን ጠይቁ። «አጥፋው» ለሚለው ደግሞ ከላይ የጻፍሁትን በለዘበ ቃል ንገሩት፤ ጥፋት ከሆነ ማስረጃው ለፖሊስ ይቀመጥ በሉት። ብዙዎቹ ልጆች እስካሁን ይህን የነገራቸው ሰው ስለሌለ እንጂ ለመስማት እንቢ የሚሉ አይደሉም።